ሰማይን ያዳመጠችው ሰብለ ወንጌል

ሰብለ ወንጌልን የጎንደር ሰው ከመልኳ ይልቅ በድምፅዋ ያውቃት ነበር። አራዳ ካለው የስልክ ቤት ተቀምጣ ነጋዴውን ከአሥመራ፣ ሹሙን ከአዲስ አበባ ስታገናኝ የምትውል ልጅ ነች። መስመሩ ሲንጫጫና ሲቆራረጥ ሌሎቹ ስልከኞች ተናደው ይተዉታል። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ከጫጫታው ውስጥ የሰውየውን ቃል ትለቅማለች። አባቷ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም ያስተምሩ ነበርና ያደገችው በዜማ መሐል ነው። ጠዋት የምትነቃው በተማሪ ድምፅ፣ ማታ የምትተኛውም በተማሪ ድምፅ ነበር። ጆሮዋ ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ የሰፈሩ ሰዎች። እሷ ስለዚህ ስትጠየቅ ትከሻዋን ትነቀንቃለች።

በ1956 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ረጅም ፈረንጅ ወደ ስልክ ቤቱ መጣ። ስሙ ዶክተር ሄንድሪክ ነበር። ወደ አገሩ መነጋገር ፈልጎ መስመሩ አልሰማ አለው። ሰብለ ወንጌል ትምህርት ቤት በተማረችው እንግሊዝኛ ቃሉን ከሱ እየተቀበለች፣ ለአሥመራዋ ስልከኛ እየደገመች፣ መልሱንም እየመለሰችለት ረፋዱን ሙሉ አብራው ቆየች። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣና አለቃዋን፣ ይህችን ልጅ ስጡኝ አለ።

ሥራው ምን እንደሆነ ሲናገር አለቃዋ መጀመሪያ የተሳሳተ ትርጉም የነገረችው መስሎት ነበር። ዶክተሩ ያለው እንዲህ ነው፦ ከኛ ፀሐይ ወዲያ ሌሎች ፀሐዮች አሉ። በዙሪያቸው እንደኛ ያለ ምድር ሊኖር ይችላል። በዚያ ምድር ልብ ያላቸው ፍጥረታት ካሉ፣ እነሱም ሬዲዮ ሠርተው ከሆነ፣ ድምፃቸው እዚህ ይደርስ ይሆናል። በሱ አገር የከተማው ሬዲዮና ፋብሪካ ሁሉን ስለሚሸፍነው፣ ጸጥ ያለ ከፍታ ፈልጎ ከዳባት በላይ ወገራ ላይ ቦታ አግኝቷል። አሁን የቀረው ከጫጫታ ውስጥ ድምፅ ለይቶ የሚያወጣ ጆሮ ነው።

ያን ቀን ወደ ቤት ስትመለስ ለአባቷ ነገረቻቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«መላእክትን ነው የምታዳምጡት?» አሉ።

«አይደለም አባዬ። ፍጥረት ነው የሚለው። እንደኛ ያለ።»

«እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ ለኔ አልነገረኝም» አሉ። «መስማት ኃጢአት የለውም፣ ሂጂ። ግን ማን እንደሆነ ሳታውቂ እንዳትመልሺ።»

እሷም መመለሻ መሣሪያ እንደሌላቸው፣ የሚያዳምጡ ብቻ እንደሆኑ ነገረቻቸው። መሪጌታ ይህ ደስ አላቸው።

ወገራ ብርድ ነው። ከገብሱ ማሳ በላይ ባለው ሜዳ የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች በረድፍ ተተክለው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሽቦ ተዘርግቶ፣ ሽቦዎቹ ሁሉ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ካለው መሣሪያ ላይ ይገናኛሉ። ርቆ የተተከለ ሞተር እየተንደቀደቀ መብራት ይሰጣል። ሰብለ ወንጌል ቀን ቀን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ትቀመጣለች፣ ሌሊቱ የዶክተሩ ነው። የምትሰማው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጎርፍ በሩቅ ሸለቆ ሲያልፍ የሚሰማው ዓይነት የማያቋርጥ ሽውታ። አንዳንዴ የአውሮፕላን ነጂ ድምፅ ያልፋል፣ አንዳንዴ የአሥመራ ዘፈን ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እነዚህን ለይታ ትናገራለች፣ ዶክተሩም ከሰው የመጣ ነው ብሎ ይተዋቸዋል።

የምሰሶዎቹ ጠባቂ ዳኛው የሚባል የዚያው አገር ልጅ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ከሜዳው ሥር፣ ገደሉ ከመጀመሩ በፊት ካለው መንደር ነው የሚኖሩት። ዳኛው ማንበብ አያውቅም። ነፋስ የጣለውን ሽቦ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ያስራል፣ ከብት ያባርራል፣ ለሞተሩ ናፍጣ ያመጣል። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ጥያቄውን ያቀርባል።

«እመቤት፣ ዛሬስ ተናገሩ?»

«ዝም ብለዋል» ትለዋለች።

አንድ ቀን ጥቂት አሰበና፣ ምናልባት እነሱም እንደኛ ማዳመጫ ደፍተው ተቀምጠው ይሆናል፣ ሁሉም ካዳመጠ ማን ይናገር ብለሽ ነው አላት። ይህን ለዶክተሩ ስትተረጉምለት ሳቀ፤ በኛም አገር ይህን እየጠየቁ የሚያሾፉብኝ አሉ አለ።

አንድ ጊዜ ዶክተሩ ጎንደር ወርዶ ሳለ ዳኛውን አስገብታ ማዳመጫውን ሰጠችው። ጥምጥሙን ፈትቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ጆሮው ላይ ደፋው። ሊስቅ ነው ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። ለረጅም ጊዜ ወለሉን እያየ ተቀመጠ።

«ሸጋ ነው» አላት ሲያወልቀው። «ሰዎቹ አሁን የወጡበት ቤት የገባሁ መሰለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እመቤት ማለቱን ተወ። በስሟ ጠራት፤ እሷም አልከፋትም።

ዳኛው ሊያገባት ሽማግሌ ሲልክ መሪጌታ አዘኑ። አንዲት ልጃቸውን ለሥራ እንጂ ለወገራ እንዳልሰጡ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደግሞ ቤታቸው እንደማይገባ ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ደጋግመው መጡ። በመጨረሻ እሷ ራሷ ከአባቷ ፊት ቆማ፣ ከአሁን ወዲያ ሌላ ሰው እንደማታገባ ነገረቻቸው። መሪጌታ አልተቆጡም፤ ዓይናቸውን ብቻ ከፊቷ አነሡ። በ1958 ከጥምቀት በኋላ ተጋቡ። ሙሽሮቹ ወደ ወገራ ሲሄዱ አባቷ ደጅ ድረስ አልሸኟቸውም። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ግን ምራታቸውን እጇን ይዘው አስገቧት፤ ከዚያም ወዲህ በብርዱ እንዳትጎዳ ብለው የራሳቸውን ጋቢ ሰጧት። ክረምት ሲቃረብ ሰብለ ወንጌል ነፍሰ ጡር ነበረች።

በክረምት ሥራው አደገኛ ነው። መብረቅ ሲቃረብ ከሰማዩ በፊት ማዳመጫው ያውቃል፤ እንደ ደረቅ እንጨት መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰብለ ወንጌል ማዳመጫውን አውልቃ ዳኛውን ትጠራለች። እሱም ሮጦ ወደ መሣሪያው የሚገባውን ዋና ሽቦ ከዋናው ምሰሶ ሥር ይፈታና አውርዶ፣ መብረቁ መሬት እንዲገባ እዚያው ከተቀበረው ብረት ጋር ያስራል። ይህን ሲያደርግ መብረቁ ገና ከሩቅ ተራራ ጀርባ ነው። ዶክተሩ ይህን ሥርዓት ሁለቱንም ደጋግሞ አስተምሯቸዋል፣ አንድም ቀን ዘግይተው አያውቁም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ዳመናው ከስሜን በኩል እየጠቆረ መጣ። መሰነጣጠቁ ጀመረ። ሰብለ ወንጌል እጇን ወደ ማዳመጫው ስትሰድ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ሰማች። አጭር፣ አጭር፣ ከዚያ ዝምታ። እንደገና አጭር፣ አጭር፣ ዝምታ። የአውሮፕላን ነጂም ዘፈንም አይደለም። ዶክተሩን ጠራችው። የማዳመጫውን አንድ ወገን ከጆሮዋ ወደ ውጭ አዙሮ ጆሮውን አስጠጋ፤ ፊቱ ሲለወጥ አየች። እድሜውን ሙሉ ይህን የጠበቀ ሰው ነው።

ዳኛው በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሽቦውን ላውርደው?» አለ።

ዶክተሩ እጁን አነሣ። ጥቂት ይጠብቅ በይው፣ ጥቂት ብቻ፣ አላት።

«ቆይ» አለችው ለባሏ።

ዳኛው እሺ አለ። ወደ ቤቱ ገብቶ መቆም ይችል ነበር። ግን ሲጠሩት ቶሎ እንዲያወርደው ብሎ ተመልሶ ከዋናው ምሰሶ ሥር ቆመ፣ እጁንም ከሽቦው አስጠጋ። ዝናቡ ገና አልጀመረም። ሰብለ ወንጌል ያን ድምፅ ደጋግማ ሰማችው። ከዚያ ቆርቆሮው ቤት ሁሉ ነጭ ሆነ።

ስትነቃ ወለሉ ላይ ወድቃ ነበር። ግራ ጆሮዋ ከዚያ በኋላ ሰምቶ አያውቅም። ዶክተሩ ከፊቷ ተንበርክኮ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ታያለች እንጂ የሚለውን አትሰማም። ወደ በሩ ሄደች። ዝናቡ መዝነብ ጀምሮ ነበር። ዳኛው ከምሰሶው ሥር በጎኑ ተኝቷል፣ ጋቢው ላይ ትንሽ እንኳ ቃጠሎ አይታይበትም። ተቀምጣ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገችው። የመንደሩ ሰዎች ሲደርሱ እንዲሁ ሆና አገኟት።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ለቅሶው ላይ እንዴት እንደሞተ ጠየቋት። ሰብለ ወንጌል አልደበቀችም። ሊያወርደው መጥቶ እንደነበር፣ ዶክተሩ ጠብቅ እንዳለ፣ ቃሉን የነገረችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። አሮጊቷ ሰሟትና ከአጠገቧ ተነሡ። ሄደው ከሴቶቹ ወዲያ ማዶ ተቀመጡ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ አንድ ቃል አልነገሯትም።

ሌላ ችግር መጣ። አንዳንድ የአጥቢያው ሰዎች ይህ ልጅ በቁጣ የተመታ ነው፣ ሰማይን ሲሰልል ሰማይ መታው፣ ከክርስቲያን መቃብር አይግባ አሉ። ካህናቱም አመነቱ። ቀኑ እየመሸ አስከሬኑ ቤት እንዳለ፣ በመንገዱ ከጎንደር የወጣች የጭነት ማኪና ቆመችና መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ከላይ ወረዱ። የአማቻቸውን መርዶ አዘዞ ሌላ ለቅሶ ላይ ሆነው እንደሰሙ፣ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ እንደመጡ በኋላ ተሰማ። ካህናቱን ለብቻ ጠሯቸው። ምን እንዳሏቸው አልታወቀም፤ ተመልሰው ሲመጡ ግን ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ነበር። ጸሎተ ፍትሐቱን ካህናቱ ሲያደርሱ፣ ዜማውን መሪጌታ ራሳቸው መሩ። ሠርጉን ያልሸኙትን አማቻቸውን እስከ መቃብሩ ድረስ በእግራቸው ሸኙት። ሰብለ ወንጌል ዜማውን በቀኝ ጆሮዋ ብቻ እየሰማች፣ ድምፃቸው ከአንድ ወገን ብቻ ለምን እንደሚመጣ ገና አልገባትም ነበር።

ከሳምንት በኋላ ዶክተር ሄንድሪክ መጣ። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ሊያጣራ ደባርቅ ድረስ ሄዶ ነበር። ከሊማሊሞ በኩል መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች ያን ቀን አዲስ ሬዲዮ አምጥተው ሲሞክሩ እንደዋሉ አወቀ። አጭር፣ አጭር፣ ዝምታ፤ ሬዲዮው ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሰው ቁልፉን ሲጫን የዋለው ነው። ይህን ሲነግራት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ተነሥታ ለአማቷ ቃል በቃል አደረሰችላቸው። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ቆርቆሮ ቤቱ በዚያው መስከረም ተዘጋ። መሣሪያው በማኪና ተጫነ። ምሰሶዎቹን የመንደሩ ሰው ለቤት ሥራ ቆርጦ ወሰዳቸው። ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ሴት ልጅ ወለደች። መሪጌታ ሕፃኗን ታቅፈው ብዙ ካለቀሱ በኋላ እንኳየሁ ብለው ስም አወጡላት። ሰብለ ወንጌልም ወደ ስልክ ቤቷ ተመለሰች፣ ማዳመጫውንም ወደ ቀኝ ጆሮዋ አዛወረችው። አለቃዋ በአንድ ጆሮ ልትሠራ አትችልም ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ሠራች። ከሰው ጋር ግን ብዙ አትነጋገርም። መስመር ስታገናኝ ቆይ ማለት ሲኖርባት ይጠብቁ ትላለች፣ ለሕፃን ልጅም ቢሆን ይጠብቁ ትላለች፤ አዳዲሶቹ ስልከኞች በዚህ ይስቁባት ነበር።

ዓመቶቹ እንዲህ አለፉ። መሪጌታ አረፉ። በ1965 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከማዘጋጃ ቤት ሰው ተልኮ መጣ። በውጭ አገር፣ ከምድር ውጪ ያለ ሕይወትን የሚፈልጉ ሊቃውንት ያቋቋሙት ማኅበር፣ ለዚህ ሥራ የደከሙትን ሁሉ በየአገሩ እያከበረ ነው፤ አንቺም ከሚከበሩት አንዷ ነሽ ተባለች። ዶክተር ሄንድሪክ ራሱ ሜዳሊያውን ይዞ ይመጣል። ላለመሄድ አስባ ነበር። በመጨረሻ አባቷ በሕይወት ቢኖሩ ሂጂ ይሏት እንደነበር ተሰማትና ነጭ ቀሚሷን ለበሰች።

አዳራሹ ውስጥ ሹማምንቱ ከፊት ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ሸብቶ፣ ጎብጦ፣ በምርኩዝ ነበር። ግድግዳው ላይ የነሐስ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ዶክተሩ፣ መሣሪያውን የሠሩ ሁለት ፈረንጆች፣ ቦታውን የፈቀዱ አንድ ሹም፣ በመጨረሻም የሷ ስም ተቀርጾበታል። ሰብለ ወንጌል ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ደግማ አነበበች። ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ሲጠለቅ ሰው አጨበጨበ፤ ጥቂት ቃል ተናገሪ ተባለች።

ስልክ ቤት የለመደችው ያ የጠራ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«እኔ ተቀምጬ ነው ያዳመጥኩት» አለች። «ምሰሶውን የተከለው፣ ሽቦውን በብርድ የሚያስረው ዳኛው ነው። ቆይ አልነው፣ ቆየ። ስሙን እዚህ ፈልጌ አጣሁት።»

ዶክተሩ ምን እንዳለች ከአጠገቡ ያለውን ሰው ጠየቀ። ሰውየው አፈረና ሊተረጉምለት አልፈለገም። ስለዚህ ሰብለ ወንጌል ራሷ ወደሱ ዞራ፣ እንደ ድሮው፣ የተናገረችውን በእንግሊዝኛ ደገመችለት። ሽማግሌው ምርኩዙን ይዞ ተነሣ። የዳኛውን ስም ለማኅበሩ ልኮት እንደነበር፣ ዘበኞችና የጉልበት ሠራተኞች በሰሌዳው እንደማይገቡ ተነግሮት ዝም እንዳለ ነገራት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ በተሰበረ አማርኛ፣ «ዳኛው» አለ። «ዳኛው ሠርቷል።» ሌላ ቃል አላገኘም፤ ተቀመጠ። ከፊት ከተቀመጡት ሹማምንት አንዱ ነገሩ እንዲያልፍ ብሎ አጨበጨበ፣ ሰዉም ተከተለው፣ ሻይ ቀረበ።

ዶክተሩ ሲሰናበታት ሌላ ሰሌዳ አሠርቶ እንደሚልክ ቃል ገባላት። የዋሸ አይመስለኝም። ግን ከዓመት በኋላ በአገሩ እንደሞተ ተሰማ፤ በኛም አገር ጊዜው ተለወጠ፣ ያን ሰሌዳ የሚጠይቅም የሚያስታውስም ጠፋ።

ከክብሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሰብለ ወንጌል ልጇን ይዛ ወደ ወገራ ወጣች። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ልጅቱን አይተዋት አያውቁም ነበር። ደጃፍ ላይ ገብስ ሲያበጥሩ አገኟቸው። አሮጊቷ መጀመሪያ ምራታቸውን፣ ቀጥሎ ልጅቱን አዩ። ሰፌዱን አስቀመጡ። እንኳየሁ ግንባሯና የዓይኗ አቀማመጥ የአባቷ ነው። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የልጅቱን አገጭ ያዙና ፊቷን ወደ ብርሃን መለስ አደረጉት፤ ከዚያ ወደ ቤት አስገቧቸው።

ከገቡ በኋላ ሰብለ ወንጌል ሜዳሊያውን ከመሐረቡ ፈትታ ፊታቸው አስቀመጠችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ስላዳመጥን የተሰጠ ነው። ለሱ አልሰጡትም። እርስዎ ዘንድ ይሁን ብዬ ነው እማማ።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ አልነኩትም። እሳቱን ቆሰቆሱ።

«ምን ነበር የምትሰሙት?» አሉ ቆይተው። «የዚያን ቀኑን ነግረሽኛል። ሌላ ሌላውን ቀን ነው የምልሽ።»

«ምንም አልነበረም። እንደ ጎርፍ ያለ ነገር፣ ከሩቅ።»

«ማታ ማታ እየመጣ ስለሱ ያወራኝ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «ዳኛው ወሬኛ ልጅ አልነበረም። ከብት ጠፋ፣ እህል ደረሰ፣ ከዚህ ሌላ አያወራኝም። እዚያ ሥራ ከገባ ወዲህ ግን ስለ ፀሐዮቹ፣ ስለነዚያ ሰዎች፣ ምን ይበሉ ይሆን፣ ይሞቱ ይሆን እያለ እሳቱ እስኪጠፋ ያወራኝ ነበር። ያን ያህል አውርቶኝ አያውቅም።»

ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። ሰብለ ወንጌል ወደሳቸው ለመሄድ ፈራች፤ ተቀምጣ ጠበቀች። በመጨረሻ አሮጊቷ ራሳቸው እጃቸውን ሰደዱላት፣ እሷም እጃቸውን ስማ ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች። ለብዙ ዓመት ያልተለቀሰ ለቅሶ በዚያ ቤት ተለቀሰ። እንኳየሁ የቤቱን ምሰሶ ይዛ ቆማ ታያቸው ነበር።

በማግስቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስቱም ወደ መቃብሩ ሄዱ። ከብት ገብቶበት ኖሮ በላዩ የተከመረው ድንጋይ ተበታትኗል፣ በመካከሉም ሣር በቅሎበታል። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ነጠላቸውን አሸረጡ። ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሡ፣ ሰብለ ወንጌልም ከሌላው ጎን ጀመረች። እንኳየሁን የሚቀልላትን ብቻ እንድታመጣ ነገሯት። ፀሐይ ወደ ገደሉ እስክታዘቀዝቅ ድረስ፣ ብዙም ሳይነጋገሩ፣ ድንጋዩን ሲያነሡና ሲደረድሩ ዋሉ።